የአንቲቦዲ ቁጥር የማይናገረው ነገር፦ በፕሮቲኑ ላይ የተሰኩት ስኳሮች

ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወዲህ የአንቲቦዲ መጠን ከላቦራቶሪ ወጥቶ የብዙ ሰው መወያያ ሆኗል። የምርመራ ውጤት ይነጻጸራል፤ ቁጥሩ ከፍ ያለለት ሰው ራሱን የተጠበቀ፣ ዝቅ ያለበት ደግሞ የተጋለጠ አድርጎ ይቆጥራል። ብዛት ትርጉም የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በ2021 የታተሙ ጥናቶች ይህን ቀላል ስሌት የሚያፋልስ ነገር አሳይተዋል። በጽኑ ከታመሙት የኮቪድ ሕሙማን አብዛኞቹ የአንቲቦዲ እጥረት አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ቀለል ያለ ሕመም ካለፈባቸው ሰዎች የበለጠ አንቲቦዲ ነበራቸው። ልዩነት ሆኖ የተገኘው በአንቲቦዲው ላይ መኖር የነበረባት ፉኮስ የምትባል አንዲት ትንሽ የስኳር ቅንጣት በብዛት መጉደሏ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያቺ ቅንጣት ምን እንደምትሠራ፣ ለምን እንደምትጎድልና መጉደሏ በአንዱ በሽታ መድኃኒት፣ በሌላው ጉዳት የሚሆንበትን ምክንያት ለማብራራት ይሞክራል።

ስኳር ሲባል የትኛው ስኳር?

ስኳር የሚለው ቃል ወዲያው የሚያስታውሰው የሚጣፍጠውን ምግብ ወይም የስኳር በሽታን ስለሆነ ግርታው ከስሙ ይጀምራል። በባዮኬሚስትሪ ግን ስኳር የአንድ ሰፊ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ግሉኮስ የቤተሰቡ አንድ አባል ሲሆን ማኖስ፣ ጋላክቶስ፣ ፉኮስና ሲያሊክ አሲድም ከዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህ እርስ በርስ ተያይዘው ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት ሲሠሩ ሰንሰለቱ ግላይካን ይባላል። ሕዋስ ይህን ሰንሰለት በኢንዛይሞች እየታገዘ በፕሮቲን ላይ የሚተክልበት ሂደት ደግሞ ግላይኮሲሌሽን ነው።

በስም የሚቀራረብ ግላይኬሽን የሚባል ሌላ ሂደት መኖሩ ግርታውን ያባብሰዋል። ግላይኬሽን በደም ውስጥ የበዛ ግሉኮስ ያለ ኢንዛይም፣ ያለ ሥርዓት ከፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ የሚፈጠር ነው፤ የስኳር ሕሙማን በየጊዜው የሚመረመሩት ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚለካውም ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው የሕዋሱ የታቀደ ሥራ ሲሆን ሁለተኛው እንደ ዝገት ያለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚወራው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ሕዋስ ለግላይካን የሚያስፈልጉትን ቅንጣቶች በአብዛኛው ራሱ ስለሚያዘጋጅ፣ ጣፋጭ መብላት ወይም መተው የአንቲቦዲን ሰንሰለት በተፈለገው አቅጣጫ ለመለወጥ የተረጋገጠ መንገድ አይደለም።

እንደ ባላ የተሠራ ሞለኪውል

አንቲቦዲ፣ በሌላ ስሙ ፀረ እንግዳ አካል፣ ቢ ሕዋሳት ወደ ፕላዝማ ሕዋስነት ተለውጠው የሚያመርቱት ፕሮቲን ነው። በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዓይነት አይጂጂ ይባላል። ቅርጹ እንደ ባላ እንጨት ነው፤ ከላይ ሁለት ቅርንጫፎች፣ ከታች አንድ ግንድ። ቅርንጫፎቹ በጫፋቸው ቫይረሱን ወይም ባክቴሪያውን ለይተው ይይዛሉ። ግንዱ፣ በሙያው አጠራር ኤፍሲ፣ የተያዘውን ነገር ለሌላው የመከላከያ ሠራዊት የሚያስረክበው ክፍል ነው። የነጭ የደም ሕዋሳት ተቀባዮች የሚጨብጡት ግንዱን ነው፤ ኮምፕሊመንት የሚባለው የደም ፕሮቲኖች ስብስብ ሥራ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

ስኳሩ ያለው እዚህ ግንድ ላይ ነው። ግንዱን ከሚሠሩት ሁለት የፕሮቲን ገመዶች በእያንዳንዱ ላይ፣ በ297ኛው አሚኖ አሲድ ቦታ ባለው አስፓራጂን ላይ፣ አንድ ግላይካን ተሰክቷል። ሁለቱ ሰንሰለቶች ወደ ውስጥ፣ እርስ በርስ ፊት ለፊት ናቸው፤ ሁለቱ ገመዶች እንዳይጣበቁና ግንዱ ተቀባይ ሊጨብጠው የሚችል ቅርጽ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ክብደታቸው ከጠቅላላው ሞለኪውል ከ2 እስከ 3 በመቶ ቢሆን ነው። ሆኖም ከናካቴው ቢወገዱ ቅርንጫፎቹ ዒላማቸውን መያዛቸውን ይቀጥላሉ፣ ግንዱ ግን አብዛኞቹን የሕዋስ ተቀባዮች የመጥራት አቅሙን በእጅጉ ያጣል።

ለዚህ አሳማኙ ምስክር ምናልባት ጠላት ራሱ ነው። የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ኤንዶኤስ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል፤ ይህ ኢንዛይም በ2001 በተገለጸው መሠረት ግላይካኑን ከአይጂጂ ግንድ ላይ ቆርጦ ጉቶውን ብቻ ያስቀራል። አንድ ተህዋሲ አንቲቦዲውን ሳይሰብር ስኳሩን ብቻ ለመቁረጥ የተለየ መሣሪያ ይዞ መገኘቱ ስኳሩ ጌጥ አለመሆኑን ያሳያል።

የሰንሰለቱ መሠረት በሁሉም አንቲቦዲ ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰባት ቅንጣቶች ያሉት፣ ሁለት ክንድ ያለው ግንባታ። ልዩነቱ የሚመጣው ከተጨማሪዎቹ ነው። ፉኮስ ከሥሩ ሊጨመር ወይም ሊቀር ይችላል፤ በክንዶቹ ጫፍ ጋላክቶስ፣ በጋላክቶሱ ላይ ደግሞ ሲያሊክ አሲድ ሊደረብ ይችላል። የፕሮቲኑ ቅደም ተከተል በዘረመል ላይ ፊደል በፊደል ተጽፏል፤ ለስኳሩ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም። የመጨረሻው ቅርጽ የሚወሰነው ፕሮቲኑ ጎልጂ በሚባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ሲያልፍ የትኞቹን ኢንዛይሞች፣ በምን ያህል መጠን እንዳገኘ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዒላማ የሚይዙ ሁለት አንቲቦዲዎች የተለያየ ስኳር ለብሰው ሊወጡ ይችላሉ። የስኳሩ ሁኔታ ከዕድሜ፣ ከሆርሞንና ከብግነት፣ ማለትም የመከላከያ ሥርዓቱ ሲቆጣ ከሚፈጠረው እብጠትና ሙቀት፣ ጋር የሚለዋወጠውም በዚሁ የተነሳ ነው።

ፉኮስ ስትጎድል

በጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ ካለው አይጂጂ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ፉኮስ አለበት። የዚህች ቅንጣት ትርጉም በግልጽ የታየው በ2002 ነው፤ በዚያ ዓመት የታተመ ጥናት ፉኮስ የሌለው አንቲቦዲ ኤፍሲ ጋማ ሦስት-ኤ ከሚባለው ተቀባይ ጋር ያለው ቁርኝት እስከ 50 እጥፍ እንደሚጠብቅ አሳየ። ይህ ተቀባይ በዋናነት የሚገኘው በተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳትና ማክሮፋጅ በሚባሉት ተህዋሲ ዋጭ ሕዋሳት ላይ ሲሆን፣ በአንቲቦዲ የተለበጠን ሕዋስ ለመግደል ትእዛዝ የሚተላለፈው በእርሱ ነው።

የጥብቀቱ ምክንያት ኋላ በተሠሩ የቅርጽ ጥናቶች ተብራርቷል። ተቀባዩ ራሱ የስኳር ሰንሰለት ተሸክሟል። አንቲቦዲውና ተቀባዩ ሲቀራረቡ የሁለቱ ስኳሮች መነካካት አለባቸው፤ ፉኮስ በመካከል ቆማ ከሆነ ቦታ ትይዛለች፣ ሰንሰለቶቹም ተጠጋግተው መቀመጥ አይችሉም። ስትነሳ ሁለቱ ይገጥማሉ። በአንድ በር ማጠፊያ ውስጥ የገባችን ጠጠር ማውጣት ዓይነት ነገር ነው፤ በሩ አልተለወጠም፣ አዘጋጉ ግን ተለወጠ።

የመድኃኒት ሠሪዎች ይህን ለመጠቀም ጊዜ አልወሰደባቸውም። አንዱ መንገድ አንቲቦዲ በሚያመርቱ ሕዋሳት ውስጥ ፉኮስን የሚሰካውን ኢንዛይም ዘረመል ማጥፋት ነው። በዚህ መንገድ የተሠራው ሞጋሙሊዙማብ የቲ ሕዋስ ካንሰርን ለማከም በ2012 በጃፓን ተፈቀደ። ሌላው መንገድ ይበልጥ ስልት ያለበት ነው፤ በሰንሰለቱ መካከል አንድ ተጨማሪ ቅንጣት የሚተክል ኢንዛይም በሕዋሱ ውስጥ እንዲበዛ ይደረጋል፣ ያች ቅንጣት ከተተከለች በኋላ የፉኮሱ ኢንዛይም መሥራት ያቅተዋል። በ2013 በአሜሪካ ለደም ካንሰር የተፈቀደው ኦቢኑቱዙማብ የዚህ ውጤት ነው። በ2017 ለከባድ አስም የተፈቀደው ቤንራሊዙማብም ፉኮስ የለውም፤ የሚያስገድላቸው ሕዋሳት ኢዮሲኖፊል የሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት ናቸው።

ያው ቅርጽ፣ ተቃራኒ ውጤት

እስካሁን ያለው ታሪክ ፉኮስን ማንሳት ሁልጊዜ የሚጠቅም ያስመስላል። ካንሰርን በሚመለከት አብዛኛውን ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሰውነት ራሱ ፉኮስ የሌለው አንቲቦዲ ሲያመርት የሚሆነውን ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል።

የደንጌ ትኩሳትን እንውሰድ። በዚህ በሽታ ሁለተኛው ኢንፌክሽን ከመጀመሪያው የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከዚህ ቀደም የተፈጠሩ አንቲቦዲዎች አዲሱን የቫይረስ ዝርያ ሳያመክኑ ይዘው ወደ ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚያስገቡት ነው። ይህ ማብራሪያ ለረጅም ጊዜ የቆየ ቢሆንም አንድ ጥያቄ አይመልስም ነበር፦ ሁለተኛ ኢንፌክሽን ከደረሰባቸው መካከል ለምን ጥቂቶቹ ብቻ በጽኑ ይታመማሉ? በ2017 የወጣ ጥናት በጽኑ የታመሙት ሰዎች ፀረ-ደንጌ አንቲቦዲ ፉኮስ የሚጎድለው መሆኑን አሳየ፤ እነዚሁ አንቲቦዲዎች በሙከራ አይጦች ላይ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌቶች ቀንሰዋል። ተመሳሳይ ነገር በእርግዝና ላይም ይታያል። የእናት አካል የፅንሱን ፕላትሌት ወይም ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ ሲያመርትበት፣ ፉኮስ በጎደለ ቁጥር በፅንሱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የመክፋት አዝማሚያ አለው።

በኮቪድ ላይ የታየውም ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው። ስፓይክ የተባለውን የቫይረሱን የላይ ፕሮቲን የሚይዝ፣ ብዙና ፉኮስ የጎደለው አንቲቦዲ የሳንባ ማክሮፋጆችን ከመጠን በላይ ያስቆጣል። እዚህ ላይ ሁለቱ ነገሮች፣ ብዛትና የስኳር ሁኔታ፣ አብረው መሄዳቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻውን የሚያስከትለው ብግነት ይህን ያህል ከባድ አልነበረም።

ወባ ደግሞ ተቃራኒውን ትነግረናለች። በወባ ተህዋሲ የተያዙ ቀይ የደም ሕዋሳት በእንግዴ ልጅ ውስጥ የሚጣበቁበት ፕሮቲን አለ፤ በተፈጥሮ በወባ ተይዘው ያገገሙ ሴቶች በዚህ ፕሮቲን ላይ የሚያመርቱት አንቲቦዲ ፉኮስ ስለሚጎድለው ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት የተያዙትን ቀይ ሕዋሳት በብርታት እንዲያጠቁ ያደርጋል። ያንኑ ፕሮቲን ነጥሎ በክትባት መልክ ለተሰጣቸው ሰዎች የተፈጠረው አንቲቦዲ ግን ፉኮስ ነበረው። ዒላማው አንድ ነው፤ ትእዛዙ የተለያየ።

ይህ ለምን ሆነ? እስካሁን ያለው አሳማኝ መላምት ዒላማው ከሚታይበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ፉኮስ የሚጎድለው አንቲቦዲ በአመዛኙ የሚፈጠረው ዒላማው በሕዋስ ሽፋን ላይ ተቀምጦ ሲታይ ነው፤ የፅንስ ፕላትሌት፣ በወባ የተያዘ ቀይ የደም ሕዋስ፣ እንዲሁም እንደ ኤችአይቪና ኮሮና ያሉ ከሕዋስ ሽፋን የተገኘ ልባስ ያላቸው ቫይረሶች ሁሉ በዚህ ይመሳሰላሉ። ልባስ የሌለው ፓርቮቫይረስ ግን ተመሳሳይ ምላሽ አላስከተለም። ነጻ ሆኖ የሚንሳፈፍ ፕሮቲን ሲሰጥም እንደዚሁ፤ በሄፓታይተስ ቢ በተፈጥሮ የተያዙና በፕሮቲን ክትባት የተከተቡ ሰዎች አንቲቦዲያቸው በዚሁ መንገድ ይለያያል። በሌላ አነጋገር ቢ ሕዋሱ ዒላማውን የት እንዳየው የሚያስታውስ ይመስላል፣ ማስታወሻውንም በስኳር ይጽፈዋል።

ጋላክቶስ፣ ሲያሊክ አሲድና የብግነት ክርክር

በዚህ ዘርፍ ቀዳሚው ግኝት ግን ፉኮስን የሚመለከት አልነበረም። በ1985 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ሰዎች አይጂጂ ጋላክቶስ እንደሚያንሰው አሳየ። ቀደም ሲል፣ በ1938፣ ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች የዚህ በሽታ ምልክቶች በእርግዝና ወቅት ጋብ እንደሚሉ ጽፎ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሁለቱ ምልከታዎች ተገናኙ፤ በእርግዝና ጊዜ የአይጂጂ ጋላክቶስ ይጨምራል፣ ከወሊድ በኋላ ይቀንሳል፣ በሽታውም ብዙ ጊዜ በዚያን ወቅት ያገረሻል።

ሲያሊክ አሲድ ይበልጥ አከራካሪ ነው። ከብዙ ለጋሾች ደም የሚዘጋጅ አይጂጂ በከፍተኛ መጠን በደም ሥር ሲሰጥ ራስን የሚያጠቁ በሽታዎችን ያረግባል፤ አንቲቦዲ ብግነትን ማብረዱ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። በ2006 ከኒው ዮርክ የወጣ ጥናት መልሱ ሲያሊክ አሲድ ያለበት ጥቂት ክፍል ነው አለ፤ ሲያሊክ አሲዱ ሲወገድ በአይጦች ላይ የማብረድ ውጤቱ ጠፋ፣ ሲጨመር ደግሞ በትንሽ መጠን ያንኑ ውጤት አስገኘ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች በተለያዩ የአይጥ ሞዴሎች ሲሞክሩት ሲያሊክ አሲድ ሳይኖርም ውጤቱ የታየባቸው አጋጣሚዎች ነበሩ። ለዚህ ጸሐፊ ሚዛን የሚደፋው አስተያየት የማብረዱ ሥራ በአንድ መንገድ ብቻ አይሠራም የሚለው ነው፤ የአይጥና የሰው ተቀባዮች በደንብ ስለማይመሳሰሉም ክርክሩ በአይጥ ሙከራ ብቻ የሚቋጭ አይመስልም።

ስኳሩ መንስኤ ነው ወይስ ምልክት የሚለው ጥያቄ ለጋላክቶስ ገና ክፍት ነው። ለፉኮስ ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ቅርጹ ተፈትሿል፣ መድኃኒቶችም በዚያ ላይ ተሠርተዋል። የጋላክቶስ መቀነስ ግን በቤተ ሙከራ የሚያመጣው ለውጥ መለስተኛ ነው፤ ኮምፕሊመንትን የመጥራት አቅምን መቀነሱ በተሻለ ይታወቃል፣ ይህ ደግሞ ብግነትን ያባብሳል ከሚለው ሐሳብ ጋር በቀጥታ አይሄድም። በብግነት የተለወጠ ሕዋስ ያስቀመጠው አሻራ ሊሆን ይችላል።

ይህን ልዩነት መያዝ የሚጠቅመው በተለይ የስኳር ምርመራን "እውነተኛ ዕድሜ" ብለው የሚሸጡ አገልግሎቶችን ለመመዘን ነው። መነሻው እውነት ነው፤ በ2014 ከ5,000 በላይ አውሮፓውያን ላይ የተደረገ ጥናት ሦስት ዓይነት የአይጂጂ ግላይካኖች በአንድነት በሰዎች መካከል ካለው የዕድሜ ልዩነት እስከ 58 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያብራሩ አሳይቷል። ከዕድሜ ጋር መሄድ ግን ዕድሜን መቆጣጠር አይደለም፤ ቁጥሩ ስለተሻሻለ ሰውየው ይበልጥ ይኖራል ለማለት ሌላ ዓይነት ጥናት ይጠይቃል።

በባዕድ ሕዋስ የተሠራ አንቲቦዲ

አንቲቦዲ መድኃኒቶች የሚመረቱት በእንስሳት ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ ስኳራቸውም የአምራቹን ሕዋስ ጠባይ ይይዛል። ሴቱክሲማብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች ከሌላው አካባቢ በበለጠ ከባድ አለርጂ ሲያስከትል ሐኪሞች ግራ ተጋብተው ነበር። በ2008 የታተመው ምርመራ መልሱን አገኘ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 76 ሰዎች 25ቱ አለርጂ ሲያሳዩ፣ ከእነዚህ 17ቱ መድኃኒቱን ከመውሰዳቸው በፊት በደማቸው ውስጥ ለእርሱ የተዘጋጀ አይጂኢ፣ ማለትም አለርጂ የሚቀሰቅስ የአንቲቦዲ ዓይነት፣ ነበራቸው። አይጂኢው የሚያነጣጥረው አልፋ-ጋል የሚባል ስኳር ላይ ነው፤ የአይጥ ሕዋስ ይሠራዋል፣ የሰው ሕዋስ አይሠራውም። ሰዎቹ ለዚህ ስኳር አስቀድመው የነቁት ደግሞ በአካባቢው በሚገኝ መዥገር ንክሻ እንደሆነ ኋላ ተረጋገጠ። በዚህ ምክንያትም የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች የባዮሲሚላር፣ ማለትም የነባር ባዮሎጂያዊ መድኃኒት አቻ፣ ፈቃድ ሲጠየቅ የስኳሩን መመሳሰል ከዋና ዋና የጥራት መለኪያዎች አንዱ አድርገው ይመረምራሉ።

ወደ ክትባት ሲመጣ

ክትባቶች የሚመዘኑት በአብዛኛው ምን ያህል አንቲቦዲ እንዳስገኙና አንቲቦዲው ቫይረሱን ምን ያህል እንደሚያመክን ነው። የስኳሩ ሁኔታ ቢጨመርበት የሚፈለገው ነገር ከበሽታ በሽታ ይለያያል። ለወባ ፉኮስ የሌለው አንቲቦዲ ሊፈለግ ይችላል፤ ለደንጌ ግን ያው አንቲቦዲ የሚያሰጋ ነው። የኤምአርኤንኤ ክትባቶች የስፓይክ ፕሮቲንን በተከታቢው ሕዋስ ሽፋን ላይ እንዲታይ ስለሚያደርጉ ከላይ የተጠቀሰውን መላምት ለመፈተን አመቺ ሆነዋል፤ ቀደም ሲል በኮቪድ ባልተያዙ ሰዎች ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ፉኮስ የጎደለው አንቲቦዲ ለአጭር ጊዜ ታይቶ፣ የአንቲቦዲው መጠን ከፍ እያለ ሲሄድ ፉኮሱ ተመልሷል።

ይህን ሁሉ በተለመደው የአንቲቦዲ ምርመራ ማየት አይቻልም። ምርመራው ዒላማውን የያዙትን አንቲቦዲዎች ይቆጥራል እንጂ ግንዳቸው ምን እንደለበሰ አያነብም፤ ስኳሩን ለማንበብ የአንዱን ዒላማ አንቲቦዲ ከሌላው አይጂጂ ለይቶ፣ ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባለው የሞለኪውል መመዘኛ መሣሪያ መመዘን ያስፈልጋል።